እጅ፣ እስትንፋስና መጽሐፍ፦ የሺያትሱና የዮጋ ዝምድና ታሪክ ከቀሐ ወንዝ ዳር ሲታይ

መግቢያ

ከዓመታት በፊት፣ ገና ከሕክምና ትምህርት ቤት በወጣሁበት ወቅት፣ ከቀሐ ማዶ ካለ የገጠር ቀበሌ አንድ የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣ። ከዛፍ ወድቆ የግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። የመንደሩ ወጌሻ አሽተው፣ በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፈው፣ በጨርቅ ጠምጥመው አስረውለታል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ "አጥንቱ እየገጠመ ነው" ተባለ። በአራተኛው ቀን ለቅሶውን ሲያቆም ደግሞ "ተሻለው" ተባለ። በስድስተኛው ቀን እኛ ዘንድ ሲደርስ ጣቶቹ ጠቁረው፣ ስሜት አጥተው፣ ቀዝቅዘው ነበር። ክንዱ ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

ከዚያ ቀን በአእምሮዬ የቀረው ቀዶ ሕክምናው ብቻ አይደለም። ወጌሻው ራሳቸው ከልጁ አባት ጋር አብረው መጥተው ነበር። ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ የሚሆን፣ ነጠላቸውን ተከናንበው በር ላይ የቆሙ ሽማግሌ ነበሩ። ስወጣ ጠብቀው "ዶክተር፣ እንዲድን ብዬ ነው ያሰርሁት። የት ላይ ነው የሳትሁ?" ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም "አባቴ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለውን አይሰሩ፤ ቶሎ ወደ እኛ ይላኩ" አልኋቸውና ወደ ተረኛ ክፍሌ ተመለስሁ። ጥያቄያቸው የሕክምና ጥያቄ ነበር፤ የሰጠኋቸው መልስ ግን የሕክምና መልስ አልነበረም። መማር የፈለገ እጅ ከፊቴ ቆሞ ሳለ ክልከላ ብቻ ይዞ ሄደ።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከቀሐ እጅግ ርቀው የተወለዱ ሁለት ልማዶችን ነው፤ የጃፓኑን ሺያትሱና የህንዱን ዮጋ። ዛሬ በብዙ አገር፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ የሁለቱ ስም በአንድ ማስታወቂያ ላይ ጎን ለጎን ይነበባል። ለመሆኑ የሚያዛምዳቸው ምንድን ነው? ዝምድናቸው ጥንታዊ ነው ወይስ የቅርብ ጊዜ? ለእኛ ለጤና ባለሙያዎችስ ምን ይነግረናል? እንደ እኔ አስተያየት፣ ከታሪካቸው የምናገኘው ዋናው ትምህርት አንድ ነው። ይኸውም የሕዝብ የእጅ ዕውቀት ወደ መጽሐፍ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ምርመራ ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ ሳይገባ ሲቀር ደግሞ ማን ዋጋ እንደሚከፍል ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ቃላቱ ምን ይላሉ?

"ሺያትሱ" ከሁለት የጃፓንኛ ቃላት የተገጣጠመ ነው፤ "ሺ" ጣት፣ "አትሱ" ጫና ማለት ነው። ታካሚው ልብሱን እንደ ለበሰ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ይተኛል። ባለሙያው በአውራ ጣቱ፣ በመዳፉ፣ አንዳንድ ጊዜም በክርኑና በጉልበቱ፣ የራሱን ክብደት ቀስ በቀስ እያሳረፈ ይጫነዋል። እንደ እኛ አገር እሽት ቅቤ ወይም ሌላ ቅባት አይጨመርበትም።

"ዮጋ" ደግሞ በሳንስክሪት መጥመድ፣ ማጣመር ከሚል ሥር የወጣ ቃል ነው። በሬዎቹን በቀንበር ጠምዶ የሚያርስ የደምቢያ ገበሬ ይህን ምሳሌ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በዮጋ የሚጠመዱት ሰውነት፣ እስትንፋስና አሳብ ናቸው።

ሁለቱንም የሚያገናኘው ሦስተኛ ቃል እስትንፋስ ነው። ህንዶች "ፕራና"፣ ቻይናውያን "ቺ"፣ ጃፓናውያን "ኪ" የሚሉት ነገር በሥጋ ውስጥ የሚመላለስ የሕይወት ኃይል ነው ተብሎ ይታመናል፤ ሦስቱም ቃላት ከትንፋሽና ከአየር ትርጉም ጋር የተያያዙ ናቸው። የግዕዝ ተናጋሪዎችም ነፍስን፣ ነፋስን፣ መንፈስንና እስትንፋስን ከአንድ ሥር አውጥተዋል። ይህ ግን አንዱ ከሌላው መውሰዱን አያሳይም። የሚሞት ሰው አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚቆመው ትንፋሽ መሆኑን ያያልና፣ የተለያዩ ሕዝቦች በየራሳቸው መንገድ ወደ አንድ አሳብ ሊደርሱ ይችላሉ።

ከህንድ እስከ ጃፓን

ብዙ ጊዜ "ሺያትሱና ዮጋ ከአንድ የሺህ ዓመታት ጥበብ የፈለቁ ናቸው" ሲባል ይሰማል። የታሪኩ ማስረጃ ግን ከዚህ ይልቅ ጠንቃቃ መልስ ይሰጣል።

በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው የዮጋ መጽሐፍ ስምንት ደረጃዎችን ይዘረዝራል። ሦስተኛው የሰውነት አቀማመጥ፣ አራተኛው የትንፋሽ ሥርዓት፣ ሰባተኛው ደግሞ "ዲያና" የተባለው ጥልቅ ተመስጦ ነው። ስለ አቀማመጥ የተጻፈው ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም፤ የተፈለገውም ለረጅም ተመስጦ የሚመች፣ የጸና አቀማመጥ ነው። የዛሬውን ዮጋ የሚመስሉ የተለያዩ የሰውነት ቅርጾች በጽሑፍ በስፋት የሚገኙት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በ"ሃታ ዮጋ" መጻሕፍት ነው። ከእነዚህ ዋናው የሆነው የ15ኛው መቶ ዓመት "ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ" እንኳ የሚገልጸው ዐሥራ አምስት ቅርጾችን ብቻ ነው።

ከህንድ ወደ ምሥራቅ በእርግጥ የተጓዘው በቡድሃ መነኮሳት እጅ የሄደው ትንፋሽን የመከታተል ልማድ ነው። በ148 ዓ.ም. ገደማ አን ሺጋዎ የተባለ የፓርትያ ተወላጅ መነኩሴ ወደ ቻይናዋ ሉዎያንግ ደርሶ የትንፋሽ ተመስጦን የሚያስተምር መጽሐፍ ወደ ቻይንኛ መለሰ። "ዲያና" የሚለው የሳንስክሪት ቃል በቻይና "ቻን"፣ በጃፓን "ዜን" ተባለ። እንግዲህ "ዜን" የሚለው ስም ራሱ ከዮጋ ሰባተኛ ደረጃ ጋር አንድ ቃል ነው።

ይሁን እንጂ ቻይና የራሷ የሆነ የእንቅስቃሴና የእሽት ሕክምና ነበራት። በ1973 በማዋንግዱይ በተቆፈረና በ168 ዓመተ ዓለም በተዘጋ መቃብር ውስጥ በሐር ላይ የተሣለ ሥዕል ተገኝቷል። በሥዕሉ ላይ 44 ወንዶችና ሴቶች ሲዘረጉ፣ ሲጎነበሱና ሲተነፍሱ ይታያሉ። ይህ የአን ሺጋዎ ትርጉም ከመምጣቱ ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት የነበረ ነው። ስለዚህ ሺያትሱ የዮጋ ልጅ ነው ማለት አይቻልም። የሺያትሱ የቅርብ አያት የቻይናው እሽት ሲሆን፣ የዮጋ ዘመድነቱ በትንፋሽና በተመስጦ በኩል የመጣ ነው። የሥጋ ዝምድና ሳይሆን የጋብቻ ዝምድና ነው ብንል ይቀርባል።

ማየት የተሳናቸው ሰዎች እጅ

የቻይናው እሽት በጃፓን "አንማ" ተብሎ በ701 በወጣው የታይሆ ሕግ ከመንግሥት የሕክምና ሙያዎች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪኩ ለእኛ ለጎንደሮች ልዩ ትርጉም ያለው ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር (በ1636) ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ በጃፓን ሱጊያማ ዋይቺ የተባለ የዓይን ብርሃን የሌለው የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበር። ይህ ሰው በኋላ የሾጉኑ የቱናዮሺ ሐኪም ሆነ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማም በመንግሥት ድጋፍ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የመርፌ ሕክምናና የእሽት ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። ከዚህ የተነሣ አንማ ለዘመናት በጃፓን የዓይነ ስውራን መተዳደሪያ ሆኖ ኖረ።

በዚያው ዘመን በጎንደርም ማየት የተሳናቸው ሰዎች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን የቅኔና የዜማ ነበር። በቃል ተምረው፣ በቃል አስተምረው፣ ሊቅ የተባሉ ብዙ ናቸው። ጃፓን ለዓይነ ስውሩ የእጅ ሙያ ሰጠችው፤ ጎንደር የቃል ሙያ ሰጠችው። ሁለቱም የሚያስመሰግን ነው። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ የእጅ ሕክምና በዚህ ሁሉ ዘመን ትምህርት ቤት ሳይኖረው መቆየቱ ላይ ነው።

በ1911 የጃፓን መንግሥት አንማ የሚሠሩ ሁሉ ተፈትነው ፈቃድ እንዲያወጡ ደነገገ። በ1919 ቴምፔኪ ታማይ የተባለ ባለሙያ የሺያትሱን ስም የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ዘዴውን በስፋት ያስተዋወቀው ግን ቶኩጂሮ ናሚኮሺ (1905–2000) ነው። እርሱ ራሱ እንደሚተርከው፣ በ1912 ቤተሰቡ ወደ ቀዝቃዛው የሆካይዶ ደሴት ሲዛወር እናቱ በመገጣጠሚያ ሕመም ተሠቃየች። ሐኪም በአቅራቢያ ስላልነበረ የሰባት ዓመቱ ልጅ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር እየተፈራረቀ ሰውነቷን ይጫን ነበር፤ በተለይ በወገቧ አከርካሪ ግራና ቀኝ ሲጫን እየተሻላት ሄደ። ናሚኮሺ በኋላ ይህን የአድሬናል ዕጢ ኮርቲሶን ከመጨመሩ ጋር አያይዞ አስረዳ። የአንዲት እናት መሻል፣ ያውም በሕፃን ልጅ ዓይን የታየ፣ ይህን ያህል መደምደሚያ ሊሸከም እንደማይችል ለሙያ ባልደረቦቼ መንገር አያስፈልግም። ሊታለፍ የማይገባው ሌላው ነገር ነው፤ ሰውየው በቤት የጀመረውን በ1925 ማዕከል አደረገው፣ በ1940 ደግሞ በቶኪዮ ትምህርት ቤት ከፈተለት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓንን ያስተዳድር የነበረው የጦር ኃይል አስተዳደር ባህላዊ የእጅ ሕክምናዎች ሊታገዱ ይገባል የሚል አቋም ያዘ። ባለሙያዎቹ፣ በተለይም መተዳደሪያቸው የሆነባቸው ዓይነ ስውራን፣ አጥብቀው ተቃወሙ። በ1947 የወጣው ሕግ ከእገዳ ይልቅ ትምህርትን፣ ፈተናንና ፈቃድን መረጠ። በ1955 ሺያትሱ በሕጉ ውስጥ ከአንማ ጋር ተጠቀሰ፤ በ1964 ራሱን ችሎ ተለየ። ዛሬ በጃፓን የሺያትሱ ባለሙያ ለመሆን የሦስት ዓመት ትምህርት ተምሮ፣ የሰውነት አሠራርንና የበሽታ ምንነትን አጥንቶ፣ ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው።

ዮጋ ወደ ቤተ ሙከራ ሲገባ

ዮጋም በተመሳሳይ ዘመን በተመሳሳይ በር አልፏል። ስዋሚ ቪቬካናንዳ በ1893 በቺካጎ የሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ንግግር ካደረገ በኋላ የምዕራቡ ዓለም ጆሮ ወደ ህንድ አዘነበለ፤ እርሱ ግን ያተኮረው በፍልስፍናውና በተመስጦው ላይ ነበር። ሰውነቱን ወደ ፊት ያመጡት በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተነሡ መምህራን ናቸው። ከእነርሱም አንዱ ክሪሽናማቻርያ (1888–1989) በማይሶር ቤተ መንግሥት ጥላ ሥር አስተማረ፤ ተማሪው አየንጋር በ1966 ያሳተመው "ላይት ኦን ዮጋ" የተሰኘ መጽሐፍ በዓለም ተሰራጨ።

ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ስዋሚ ኩቫላያናንዳ (1883–1966) ነው። በ1924 በሎናቭላ ከተማ ካይቫልያዳማ የተባለ ተቋም መሠረተ፤ በዚያው ዓመትም "ዮጋ ሚማምሳ" የተሰኘ የምርምር መጽሔት ጀመረ። የዮጋ ባለሙያዎችን በራጅ አነሣ፣ በሰውነታቸው ውስጥ ያለውን ግፊት ለካ፣ ያገኘውንም ጻፈ። የመለኪያ መሣሪያዎቹና የጥናት ዘዴዎቹ በዛሬ ዓይን ሲታዩ ውሱን ናቸው። ሆኖም "መምህሬ እንዲህ አለኝ" ከሚል ማስረጃ ወደ "ለካሁት፣ ይህን አገኘሁ" ወደሚል ማስረጃ የተደረገው ሽግግር ትልቅ ነው።

ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ

ሺያትሱና ዮጋ በትክክል እጅ ለእጅ የተያያዙት በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ በጃፓን ነው። ሺዙቶ ማሱናጋ (1925–1981) በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቡና ያጠና፣ በናሚኮሺ ትምህርት ቤትም ያስተማረ ሰው ነበር። የናሚኮሺ ሺያትሱ በዘመናዊ አናቶሚ ላይ ሲመሠረት፣ ማሱናጋ ወደ ቻይናው የዐሥራ ሁለት "መስመሮች" አስተምህሮ ተመለሰ። በ1968 የራሱን ማዕከል ከፈተ፤ ዘዴውንም "ዜን ሺያትሱ" አለው። ባለሙያው ታካሚውን ከመጫኑ በፊት የራሱን ትንፋሽ ማረጋጋት እንዳለበት አስተማረ። ታካሚውም ተቀባይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በቤቱ የሚሠራቸው ስድስት መሠረታዊ የመዘርጋት እንቅስቃሴዎችን አዘጋጀ፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጥንድ መስመሮችን ይዘረጋል ተብሎ የታሰበ ነው። እነዚህ እንቅስቃሴዎች ለሚያያቸው ሰው ከዮጋ ጋር የቅርብ ተመሳሳይነት አላቸው።

ማሱናጋ ከተጠቀመባቸው ምንጮች አንዱ "ማኮ-ሆ" የተባለው ልምምድ ነው። ይህን የጀመረው ዋታሩ ናጋይ በስትሮክ ግማሽ አካሉ ደክሞ በነበረበት ጊዜ በቡድሃ ሃይማኖት ያለውን የስግደት እንቅስቃሴ መነሻ አድርጎ፣ ሰውነቱን ቀስ በቀስ በመዘርጋት ራሱን እንዳሠለጠነ ይነገራል። በዚያው ዘመን ማሳሂሮ ኦኪ (1921–1985) የህንዱን ዮጋ ከዜን ልማድ ጋር አዋሕዶ በጃፓን አስተማረ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እነዚህ ትምህርቶች ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ፣ ሺያትሱና ዮጋ በአንድ ጣራ ሥር መሰጠታቸው የተለመደ ሆነ።

ስለዚህ ዝምድናቸው በአሠራር ሲታይ እንዲህ ነው። በዮጋ ሰው ራሱ ጡንቻውን ይዘረጋል፣ ትንፋሹንም ራሱ ይገዛል። በሺያትሱ ሌላ ሰው በእጁ ያንኑ ያግዘዋል፤ ጫናው ከታካሚው ትንፋሽ መውጣት ጋር ይገጥማል። አንዱ በራስ የሚሠራ፣ ሌላው በሰው እጅ የሚሠራ፣ ሁለቱም በዝግተኛ ትንፋሽ የሚመሩ ናቸው።

ምርመራው ምን አገኘ?

"መስመሮቹ" በአናቶሚ ደረጃ መኖራቸው አልተረጋገጠም። የዝግተኛ ትንፋሽ ሥራ ግን በመለኪያ የሚታይ ነው። በ2001 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ የጣሊያናዊው ሐኪም የሉቻኖ ቤርናርዲና የባልደረቦቹ ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎችን መረመረ። ሰዎቹ የካቶሊክ መቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙም ሆነ የዮጋ ማንትራ ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ ዝቅ አለ፤ የደም ግፊትን የሚቆጣጠረው ባሮሪፍሌክስም ተሻሻለ። ልብ በሉ፤ ሁለት የተለያዩ ሃይማኖቶች፣ ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች፣ ግን አንድ የትንፋሽ ልክ። መቁጠሪያ ይዞ አርባ አንድ ጊዜ "እግዚኦ" የሚል ሰው በበዛበት አገር ለምንሠራ ይህ ግኝት እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የጸሎቱ ዓላማ በእርግጥ ሌላ ነው፤ የምእመኑን ስግደት ወይም ጸሎት ወደ ስፖርት ማውረድም ተገቢ አይሆንም። ሆኖም ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ለጥናት የሚበቃ ነው።

ስለ ዮጋ በ2022 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ላላቸው ሰዎች ዮጋ ምንም ካለመሥራት ጋር ሲነጻጸር ሕመምንና የመንቀሳቀስ ችግርን በጥቂቱ እንደሚቀንስ፣ ከሌላ የሰውነት እንቅስቃሴ ግን እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። ስለ ሺያትሱ በ2011 የታተመ ስልታዊ ግምገማ የጥናቶቹ ብዛትም ጥራትም በቂ እንዳልሆነ ገልጿል፤ በተወሰኑ ነጥቦች ላይ ጫና ማድረግ ግን ለማቅለሽለሽና ለአንዳንድ ሕመሞች የተሻለ ማስረጃ አለው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ባወጣው የወገብ ሕመም መመሪያ እንቅስቃሴንና እሽትን ሊሰጡ ከሚችሉ ሕክምናዎች መካከል አስገብቷል። እንግዲህ የተገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ መጠኑ ግን ማስታወቂያዎቹ ከሚሉት ያነሰ ነው።

ጉዳቱም ተመዝግቧል። በ2001 የጃፓን ሐኪሞች በአንገት ላይ ከተደረገ ሺያትሱ በኋላ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል የደም ሥር የሄደ የረጋ ደም አጋጥሟቸው ጽፈዋል። በዮጋ በጭንቅላት መቆም የዓይንን ግፊት ስለሚጨምር ግላኮማ ላለበት ሰው አይመከርም። ጉዳቱ የታወቀው የተማረ ሰው ስለጻፈው ነው፤ ከተጻፈ በኋላም ወደ ትምህርቱ ገብቶ ጥንቃቄ ሊሆን ይችላል።

ወደ ቀሐ ስንመለስ

ጎንደር የውጭ ዕውቀት ያልደረሰባት ከተማ አልነበረችም። በሕንጻዎቿ ላይ የህንድ ግንበኞች እጅ እንዳለበት የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሣሉ። በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ዐፄ ኢያሱን ለማከም መጣ፤ በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከቀሐ በላይ ባለው የእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ የፈንጣጣ ሕሙማንን አስታመመ። የአገሩ ሊቃውንትም የመድኃኒት መጻሕፍትን በብራና ጽፈዋል። ነገር ግን በብራናው ላይ በብዛት የሰፈረው የዕፀዋትና የጸሎት ሕክምና ነው። የወጌሻው ዕውቀት በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ በእጅ ብቻ ተላለፈ። መጽሐፍ የሌለው እጅ ስሕተቱን የሚመዘግብበት ቦታ የለውም። የጠቆረው ጣት ለአንዱ ወጌሻ ሐዘን ሆኖ ይቀራል እንጂ ለሚቀጥለው ወጌሻ ትምህርት አይሆንም።

በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር (በ1954) የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒታሪ ባለሙያውን በአንድ ቡድን ወደ ገጠር የላከው ይህ ኮሌጅ ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ ያሠለጥናል፤ በ2017 ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በጀመረው ትብብርም የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ወደ አገራችን ገብቷል። ስለዚህ የእጅ ሕክምና ትምህርት ቤት በቀሐ ዳር አለ። የጎደለው ከትምህርት ቤቱ እስከ ወጌሻው ደጅ ያለው መንገድ ነው።

ይህ መንገድ ሊከፈት እንደሚችል ማስረጃ አለን። በ2005 በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በአገራችን ሐኪም የተጻፈ ጥናት አለ። በአንድ የገጠር ሆስፒታል አካባቢ የሚገኙ ወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት እንዲያገኙ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ከወጌሻ እሥራት በመጣ ጋንግሪን የሚቆረጡ እጅና እግሮች ከቀድሞው ቀንሰው ተገኙ። አንድ ቀን ብቻ! እኔ ያን ሽማግሌ በር ላይ ትቼ ስመለስ የነፈግኋቸው ያን አንድ ቀን ነው። በ1993 የወጣው የአገራችን የጤና ፖሊሲም የባህል ሕክምና ጠቃሚ ጎኖች እየተጠኑ ቀስ በቀስ ከዘመናዊው ጋር እንዲቀናጁ ይላል። ስለዚህ ወጌሻን ማስተማር ከፖሊሲ ውጭ የሆነ ልግስና አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ለዕለት ሥራችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ የወገብ፣ የአንገት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞ የመጣን ሰው "ታሽተዋል ወይ? የት? በማን?" ብለን ሳንቆጣ እንጠይቅ። ተቆጪ ሐኪም እውነቱን አይሰማም።

ሁለተኛ፣ እጅ ሊነካቸው የማይገቡ ሁኔታዎችን ለወጌሻውም፣ በከተማ ለተከፈቱ የእሽት ቤቶችም፣ ለዮጋ አሠልጣኞችም በግልጽ ቋንቋ እናስተምር። ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም የእግር መዛል ያለበት የወገብ ሕመም የአከርካሪ ቲቢ ወይም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል አይታሽም። በአንድ ወገን ያበጠ ባት የረጋ ደም ሊኖረው ስለሚችል አይታሽም። የነፍሰ ጡር ሆድ አይታሽም፤ የእንግዴ ልጅ መላቀቅንና የማኅፀን መተርተርን ሊያስከትል ይችላል። የአንገት ፊትና ጎን አይጫንም።

ሦስተኛ፣ ስብራት ያሰረ ወጌሻ ጣቶቹን በየሰዓቱ እንዲያይ እናሳየው። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቱ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ማንቀሳቀስ ካቃተ እሥራቱ ወዲያው ተፈትቶ በሽተኛው ወደ ሆስፒታል ይላክ። የሚያለቅስ ልጅ ድንገት ዝም ቢል መዳን ላይሆን ይችላል፤ ነርቩ መሞቱ ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ሺያትሱና ዮጋ ከአንድ ማኅፀን አልወጡም። በትንፋሽና በተመስጦ በኩል በሩቁ የተዛመዱ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ በማሱናጋና በመሰሎቹ እጅ የተጋቡ ናቸው። ሁለቱንም ዛሬ ላሉበት ያደረሳቸው አስተምህሯቸው ሁሉ ትክክል መሆኑ አይደለም፤ ብዙው አልተረጋገጠም። አንድ ትውልድ የሕዝቡን የእጅ ልማድ ሳይንቅም ሳያመልክም ጽፎ፣ አስተምሮና ለክቶ ስላስተላለፈው ነው። የጃፓን መንግሥት በ1947 ከእገዳና ከትምህርት መካከል ሲመርጥ የቆመበት ቦታ፣ እኔ በዚያ በር ላይ የቆምሁበት ቦታ ነበር።

በየዓመቱ ለጥምቀት የቀሐ ውሃ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ይገባል። ወንዙን ማንም አልከለከለውም፤ ቦይ ተሠራለት እንጂ። ከእነዚያ ሽማግሌ ጋር ዳግመኛ አልተገናኘንም። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ወጌሻ ሲያጋጥመኝ ወደ ተረኛ ክፍል ከመመለሴ በፊት ወንበር አቀርብለታለሁ፤ እሥራት አምጥቼ በራሱ ክንድ ላይ አስሬ፣ ጣቱ እስኪገረጣ አጥብቄ፣ ከዚያም አላልቼ አሳየዋለሁ። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።